ሦስት ኩንታል ውኃ በወለቃ እንጨት ላይ

«ስንት ኩንታል ይሆናል?» አሉኝ አናጢው።

ልኩን ጽፌ የመጣሁበትን ወረቀት ዘርግቼላቸው ነበር፤ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱን በቁሙ አይተው ተዉት። ቀለሙን፣ በሩንና ዋጋውን አልፈው መጀመሪያ የጠየቁኝ ክብደቱን ነው። መልስ አልነበረኝም። «አኳሪየም ነው ጋሼ፤ ዓሣ የሚኖርበት መስታወት» አልኳቸው። «ገባኝ እኮ! ውኃ አይደል የሚይዘው? እንስራ ተሸክመህ ታውቃለህ?» አሉና መጋዛቸውን መሞረድ ቀጠሉ።

ወለቃ ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ መንደር ነው። መንገደኛ የሚያውቀው በሸክላው ነው። በድንጋይ ተፈትገው የሚያብረቀርቁ ጥቁር ምስሎች፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ጎን ለጎን ተኝተው፣ የዳዊት ኮከብ የታተመበት አንበሳ፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ ከማንም ጎጆ የማይለየው ጀበናና ድስት። መንደሩ የቤተ እስራኤል ነበር። ርስት ተነፍጓቸው ለዘመናት በብረት፣ በሸክላ፣ በሽመናና በግንባታ ሥራ ኖረዋል። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ግንቡን ካነጹትና እንጨቱን ከጠረቡት እጆች መካከል የእነርሱም እንዳለበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ቀን ማረሻውን የሚያሠራቸው ገበሬ ማታ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙዎች ሄዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። የወለቃ ሰዎችም ሄዱ። የቀረው ሙያው ነው፤ እሱም የቀረው ጎረቤቱ ሲሠራ እያየ በለመደ ሰው እጅ ነው።

እኔ ወደ ወለቃው አናጢ መቀመጫ ላሠራ የሄድኩት ተቃጥዬ ነው። መስታወቱን የሰጠኝ ከጎንደር የተዛወረ ወዳጄ ነው፤ ከነዓሣዎቹ። ጉፒ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ከረጢት ያመጣቸው፣ ከትንሽ ጣት የማይረዝሙ፣ ጭራቸው እንደ ነጠላ ጥለት ያሸበረቀ። መጀመሪያ ያስቀመጥኳቸው ከገበያ በገዛሁት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ነበር። ላዩን ዋንዛ ይመስላል፤ ውስጡ ቺፕውድ ነው። ቺፕውድ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተለውሶ የተጨመቀ ነው። ውኃ ሲያገኝ የተጨመቀው ሁሉ ይነፋል፤ ሲደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። በሦስተኛው ሳምንት ጠርዙ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አበጠ፣ መሃሉ ሰመጠ፣ በመስታወቱና በጣውላው መካከል ብርሃን ይታይ ጀመር። ያን ማታ ከባለቤቴ ጋር ዓሣዎቹን በባልዲ፣ ውኃውን በጆግ ስንቀዳ አመሸን። «ጣጣ ነው ያመጣህብን» ያለችኝን እዚህ ላይ አልዘረዝረውም።

ከአናጢው ከተመለስኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ መስታወት ብቻውን 55 ኪሎ ገደማ ነው። ውኃው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ 228 ሊትር፣ ማለትም 228 ኪሎ። ጠጠሩ 30 ኪሎ። ከሦስት ኩንታል አለፈ። ሦስት ኩንታል ጤፍ ቢሆን ግን ጆንያው ውስጥ ተጋድሞ ያርፋል። ውኃ አያርፍም፤ ጎኑን ሲገፋ ያድራል። የፊተኛውን መስታወት ብቻ ወደ 120 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይገፋዋል፤ ግፊቱም የሚበረታው ከታች ነው።

ዓሣን በመስታወት የማኖር ልማድ በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። የለንደን የእንስሳት መናፈሻ የዓሣ ቤቱን በ1853 እ.ኤ.አ. ከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ ፊሊፕ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ «አኳሪየም» የሚለውን ስም በመጽሐፉ አስለመደ። የዚያ ዘመን ገንዳ የብረት ክፈፍ ነበረው፤ ጉልበቱን ራሱ ይዞ ይቆማል። ዛሬ ግን መስታወትን ከመስታወት የሚያያይዘው ሲሊኮን ብቻ ነው። ሲሊኮን ጥቂት ይለጠጣል፤ መስታወት አይለጠጥም። ከሥር ያለው ነገር ከተጣመመ የሚሰነጠቀው መስታወቱ ነው። ስለዚህ ያሁኑ አኳሪየም ጉልበቱን የሚበደረው ከመቀመጫው ነው። የእኔ አበዳሪ ቺፕውድ ነበረ።

በማግስቱ «ሦስት ኩንታል ከነትርፉ» ብዬ ተመለስኩ። «ይኸው! አሁን ስለ እንጨት እናውራ» አሉ።

ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ባሕር ዛፍ ለማገርና ለአጥር ነው፤ ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ዛሬ ቀጥ ያለው በመጋቢት ቀስት ይሆናል። ጽድ ምስጥ አይደፍረውም፣ ሽታውም ቤት ይባርካል፤ ግን ሚስማር ሲነካው ይሰነጠቃል። ዋንዛ ነው የፈለጉት። ዋንዛ ለመሮ ገር ነው፤ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይንቀሳቀስም። ችግሩ እንደ ድሮው አለመገኘቱ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከጽድና ከዝግባ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች ጋር ደምሮት ነበር፤ በገበሬው ማሳ ዳር ያለውም ቢሆን እያለቀ ነው። እሳቸው ከጓሮ ያወጡት ከፈረሰ ቤት የመጣ መቃንና ደፍ ነበር፤ ጢስ የጠጣ፣ የጠቆረ፣ ዕድሜ የጠገበ። አንዱን ጫፍ በመላጊያ ሲነኩት ከጥቁሩ ሥር የማር ቀለም ብቅ አለ። «ይህ መድረቁን የጨረሰው አንተ ሳትወለድ ነው» አሉኝ። ዕድሜዬን አልጠየቁም፤ ግን ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስድስት እግር ተጠረበ፤ አራት በማዕዘን፣ ሁለት በመሃል። እኔ በማውቀው የቤት ዕቃ አግዳሚው ከእግሩ ጎን በቪቴ ይታሰራል። እሳቸው አግዳሚውን በእግሩ አናት ላይ አስቀመጡት። ልዩነቱን ያስረዱኝ በሁለት ጡብና በአንድ ፍልጥ ነው። ፍልጡ ጡቦቹ ላይ ሲጋደም ክብደቱ ከእንጨት ወደ እንጨት አልፎ መሬት ይደርሳል። ጎኑ ላይ ሲታሰር ግን ክብደቱን የሚሸከመው ቪቴው ነው። «ቪቴ እንጨትን ከእንጨት ያስታርቃል እንጂ ኩንታል አይሸከምም» አሉ።

መጋጠሚያው ወንድና ሴት ነው። የእግሩ አናት ወንድ ሆኖ ተጠረበ፤ አግዳሚው ደግሞ በመሮ ተፈለፈለ። መሮው አጭር፣ እጀታው በዘመን ብዛት የተወለወለ፣ ብረቱ ላይ የመዶሻ ዱካ ያለበት ነው። በ1983 ዓ.ም. ለመሄድ የተነሡት ጎረቤታቸው፣ አንጥረኛው፣ ዕቃ ሲሸጡ አባታቸው ነበሩ የገዙት። የፋብሪካ መሮም ሳጥናቸው ውስጥ አለ፤ ግን ለጥልቅ ቀዳዳ እጃቸው ወደዚያኛው ይሄዳል። ብረቱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ቶሎም ይሳላል። ለምን እንደሚመርጡት ስጠይቃቸው «ድምፁን ለምጄዋለሁ» ብቻ አሉ።

ስድስት እግር ለሦስት ኩንታል ከበቂ በላይ ነው፤ አንዱ እግር የሚደርሰው ሃምሳ ኪሎ ብቻ ነው፤ ዋንዛ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሸከማል። እሳቸው የፈሩት ሌላ ነው። ከፋሲል መዋኛ አጠገብ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ተመልካቾች የነበሩበት የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ አሥር ሰው ሞቷል። ጎንደር ላይ እንጨት የሚያቆም ሰው ያን ቀን አይረሳም። ምክንያቱን የሚያወሩት እሳቸው አይደሉም፤ ለራሳቸው የያዙት ነገር ግን አለ። «እንጨት ተጨፍልቆ አይሞትም፤ ተገፍቶ ነው የሚሞት» አሉኝ፤ እጃቸውን ባልተጨረሰው ክፈፍ ላይ አሳርፈው ወደ ጎን ወዘወዙት። አራት ማዕዘኑ ሁሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ክፈፉ እንደ አልጋ አጋደለ። ጀርባውን በአንድ ወጥ ኮምፔንሳቶ ለብጠው፣ በኮላና በቪቴ ከሠሩት በኋላ እንደገና ገፋሁት። ግድግዳ የገፋሁ መሰለኝ። ለካስ ያ ጀርባ ለመሸፈኛ አልነበረም።

ቫርኒሹን የጀመሩት ማንም ከማያየው ቦታ ነው፤ ከእግሩ መርገጫ፣ ከውስጥ ጥጋጥግ፣ ከተቆረጠው ጫፍ። እንጨት ውኃ የሚጠጣው በተቆረጠበት በኩል ነው፤ እንደ ገለባ ይስባል። በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ሦስት ጊዜ ቀቡት።

እዚህ ላይ ሸክላ የሚሠሩት እናት መጡ፤ ከአናጢው ደጃፍ ፊት ለፊት ነው ጭቃቸውን የሚረግጡት። ሣጥኑን ዞረው አዩት። «ጣና እዚህ ተኝቶ ዓሣ ከሸገር? ምነው ልጄ!» አሉኝ። አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። ጣና በ1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ዓለም የሚደነቅበት የዓሣ ቤት ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር የተከፋፈሉ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል የባርበስ ዝርያዎች በውስጡ እንዳሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለይተዋል። ዓሣ አዳኝ የሆኑት እንኳ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ግን ከክንድ የሚረዝም ዓሣ በእኔ መስታወት አይዞርም። ለእኔ የሚስማማው ሌላ ነበር፤ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ስሙን ከደምቢያ የወሰደው ጋራ ደምቢኤንሲስ። ትንሽ ነው፤ በአገጩ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አልጌ ይግጣል። ይህን ሁሉ ስነግራቸው «እንግዲያ አምጣው!» አሉ፤ ደግሞ ጨመሩ፦ «ያፈሳል?» መስታወቱን ማለታቸው ነው። አዲስ እንስራ ቤት ሳይገባ ውኃ ሞልቶ ያድራል፤ ላቡን ያያሉ። የእኔን ላብ ማን እንዳየው ጠየቁኝ። ማንም አላየውም ነበር።

የመብራቱ ክፍል ላይ ስንደርስ አናጢውም እኔም ተማሪ ሆንን።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ሌሊቷ ይበርዳል፤ ጉፒ ደግሞ 24 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚያንስ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የ200 ዋት ማሞቂያ፣ የ15 ዋት ማጣሪያ፣ የ4 ዋት አየር መንፊያና የ30 ዋት መብራት አለ። አራት ሽቦ፣ አንድ ዲቫይደር፣ ከላይ 228 ሊትር ውኃ። በቴሌቪዥን ማስቀመጫው ጊዜ ዲቫይደሩ ከገንዳው ጀርባ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሣጥኑን ለሁለት ከፈልነው። በግራ በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ለውኃ ነው፤ ማጣሪያውና ጀሪካኑ የሚቀመጡበት። በቀኝ 35ቱ ለመብራት። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ከታች አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ሽቦ የሚያልፈው ከላይ፣ በጎማ በተለበጠ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። በውኃው ክፍል ወለል ላይ ጠርዙ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ የታጠፈ የላሜራ ትሪ ገባ። ዘጠኝ ሊትር ተኩል ይይዛል፤ የማጣሪያ ጎማ ቢወልቅ ወለሉ ከመርጠቡ በፊት ሰው ለመንቃት ጊዜ ይሰጣል።

ሽቦውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስረዳቸው ሞከርኩ። ውኃ በሽቦ ላይ ይሄዳል። ማሞቂያው ከገንዳው ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ጠብታው ሽቦውን ተከትሎ ቁልቁል ይወርድና ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሽቦው ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ፣ ተጠምዝዞ፣ ከዚያ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ጠብታው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ሽቅብ መሄድ ስለማይችል ይንጠባጠባል። ገና ሳልጨርስ «እንደ ክዳን ጫፍ በለኛ!» አሉ። የሣር ክዳን ጫፉ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው ለዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ እኔን አልጠበቁም፤ ሽቦዎቹ የሚታጠፉበትን ልክ ራሳቸው በሚስማር ያዙት። መታጠፊያዎቹን ሁሉ በውኃው ክፍል አደረጓቸው፤ ሶኬቶቹን ደግሞ በመብራቱ ክፍል ከወለል ከፍ አድርገው ሰቀሏቸው። ዲቫይደር መሬት ላይ መተኛቱ ቀረ።

ኤሌክትሪኩን የሠራው ከከተማ የመጣ ወጣት ነው። ኤርዝ የሚሉትን የመሬት ሽቦ ሳይዘረጋ ሥራውን አልጀመረም። ከዚያ አናጢውን ግራ ያጋባ ነገር አመጣ፤ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ማቋረጫ። «ቆጣሪው ላይ ብሬከር አለ አይደል?» አሉት። አለ፤ ግን ያ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከዚያ በታች ሲሆን ዝም ይላል፤ ሰው ለመግደል ደግሞ የአንድ አምፔር ጥቂት ክፋይ ይበቃል። ይህኛው የሚሠራው እንደ እረኛ ነው። ጠዋት ከበረት የወጣውን በግ ይቆጥራል፣ ማታ የገባውን ይቆጥራል። በሽቦው የሄደውና የተመለሰው ካልተካከለ የጎደለው በሰው እጅ ወይም በውኃ በኩል ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው፤ ጉድለቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በዓይን ጥቅሻ ይቆርጠዋል። የ220 ቮልት ቤት ውስጥ እርጥብ እጅ ካለ ከገንዳው ራሱ በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው ባይ ነኝ። ልጁ ሙከራውን ሲጫን ጠቅ ብሎ ሁሉም ጠፋ። አናጢው አምስት ጊዜ አስደገሙት።

የሚሞቀው የመብራቱ አዳፕተር ስለሆነ ቀኝ ጎኑ ከታችና ከላይ ተበሳ፤ ሞቃቱ አየር ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ሦስት ሦስት ቀዳዳ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ መስኮት ጌጥ አሰለፏቸው። ከለከልኳቸው ማለት አልችልም።

መብራት ጎንደር ላይ መጥፋቱ ለማንም ዜና አይደለም፤ ለዓሣ ግን ነው። ማጣሪያው ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ያንንም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ውኃ መዞሩን ሲያቆም አየር ያጥራቸዋል፣ ይሞታሉ፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ማጣሪያው መርዙን ወደ ገንዳው ይተፋል። ስለዚህ በሶኬቶቹ ሥር ለባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ መደርደሪያ ተሠራ። ባትሪው 84 ዋት ሰዓት አለው፤ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል የ4 ዋቱን አየር መንፊያ አሥር ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ማሞቂያውን ግን አይችለውም። ለሱ ሌላ መላ አለ፤ ብርድ ልብስ። ውኃውም ቢሆን ከቧንቧ ወርዶ ወዲያው አይገባም። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው በክሎሪን የታከመ ነው፤ ያውም ሲመጣ። ጀሪካን ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን ያድራል። ለዚህ ነው በውኃው ክፍል ለጀሪካን ቦታ የተተወው።

ዕቃው በባጃጅ አልገባ ብሎ በአይሱዙ ወደ ከተማ ወረደ። ቤቴ የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ወደ በሩ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ የተለሰነ። አናጢው ውኃ ልካቸውን ሣጥኑ ላይ አኖሩት። አረፋው ወደ ግራ ሸሸ። አልረኩበትም። ከኪሳቸው የተጠቀለለ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አወጡና ውኃ ሞሉት፤ አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ፣ አንዱን እሳቸው፤ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውኃ አንድ ከፍታ ላይ ሲቆም የሣጥኑ ግራና ቀኝ ግን በስድስት ሚሊ ሜትር ተለያዩ። መሣሪያው ስሙን ከየት እንዳመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ከእግሮቹ ሥር ቀጫጭን የዋንዛ ሽብልቅ አስገቡ፤ የጎደለው ሲሞላ የሽብልቁን ትርፍ በመጋዝ ቆረጡት። ከዚያ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ከላዩ ስስ ፎም፣ ከላዩ መስታወቱ። ፎሙ እንደ እግር መርገጫ ነው፤ ከሥር የተረሳች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱን እንዳትወጋው።

ሲሶውን ሞልተን አቆምን። የውኃውን መስመር ከመስታወቱ ጠርዝ በሁለቱም ጫፍ ለካን። እኩል ነው። ቀጠልን። ሲሞላ እንጨቱ አንዴ ጥው አለ፤ እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው «ተቀመጠ» አሉ።

አመሻሹ ላይ ሊሄዱ ሲሉ አሮጌ ጋዜጣ ጠየቁኝ። ሁለት ገጽ አነጠፉ፤ አንዱን በላሜራው ትሪ ላይ፣ አንዱን በመብራቱ ክፍል ወለል። «የእትዬ እንስራ ላብ» አሉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። አየር መንፊያው ወደ ባትሪው ሲዞር ድምፁን ሰማሁት፤ ብርድ ልብሱን ገንዳው ላይ ጣልኩበትና ተኛሁ።

ጠዋት ቡና ሳይፈላ ደረሱ። መጀመሪያ የከፈቱት የመብራቱን ክፍል ነው። ጋዜጣውን አንሥተው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ደረቅ። ከዚያ የውኃውን ክፍል ከፈቱ። በማሞቂያው ሽቦ መታጠፊያ ሥር፣ ጋዜጣው ላይ፣ የአምስት ሳንቲም የሚያህል እርጥብ ክብ አለ። ወደ ላይ አዩ፤ መታጠፊያው ላይ ሌላ ጠብታ እየተንጠለጠለ ነበር። ጣታቸውን ከሥሩ ዘርግተው ጠበቁ። ጠብታዋ ወፈረች፣ ከበደች፣ ወደቀች። «እንደ ክዳን ጫፍ» አሉ፤ ደረቁን ጋዜጣ ደግሞ አጥፈው ሚስማር ሊጠቀልሉበት ኪሳቸው ከተቱት።